አባ ፒዬር ጉዌንና በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ

ከኮተቤ ታክሲ ተሳፍሮ በመገናኛ በኩል አድርጎ አራት ኪሎ የወረደ ሰው የዩኒቨርሲቲውን የሳይንስ ግቢ አጥር ሳያይ አያልፍም። ብዙዎቻችን ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የመሬቱንና የሰማዩን ሁኔታ ሲመዘግብ የኖረ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መኖሩን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላውቅም ነበር። ይህን ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱትና ሃያ ዓመት ያህል የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒዬር ጉዌን ናቸው። እኚህ ሰው ያረፉት እኛ ፊደል ሳንቆጥር ነው። ስማቸው ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ጥናታቸው ነው። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚፈሰው ኤሌክትሪክ ያገኙት ነገር ግን እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ በተለይ በዚሁ ላይ ያተኩራል፤ ምክንያቱም ነገሩ መምህር ለመሆን ለምንዘጋጅ ሰዎች ብዙ ትምህርት አለው ብዬ ስለማምን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር እናስብ። አንዲት የስፌት መርፌ በቀጭን ክር ወገቧ ላይ ታስራ ሚዛኗን ጠብቃ እንድትንጠለጠል ይደረግ። ከዚያም ክሩ ሳይነካ በማግኔት ትታሽ። በኩቤክ፣ ማለትም ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የካናዳ ክፍል፣ እንዲህ ያለች መርፌ ሰሜን የሚያመለክተው ጫፏ ከ70 ዲግሪ በላይ አዘቅዝቆ ወደ መሬት ይቀሰራል። አዲስ አበባ ላይ ግን ያቺው መርፌ ጠፍጣፋ ሆና ትተኛለች ማለት ይቻላል። ይህ የሚሆነው የምድር ማግኔት ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር፣ ማለትም የማግኔት ወገብ የሚባለው፣ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ነው። ጂኦግራፊ ላይ የተማርነው የምድር ወገብ የሚያልፈው በኬንያ ነው፤ የማግኔቱ ወገብ ግን ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በኢትዮጵያ ያልፋል። አባ ጉዌን መርፌዋ ከምታቀረቅርበት አገር መርፌዋ ወደምትተኛበት አገር የመጡ ሰው ናቸው።

የመጡበትም ምክንያት ማስተማር ነበር። ካናዳውያን ኢየሱሳውያን በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጥሪ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በመጀመሪያ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም የበላይ ኃላፊ የሆኑት ከእነርሱው አንዱ የነበሩት ሉሲየን ማት ናቸው። አባ ጉዌንም በዚሁ ኮሌጅ በሳይንስ ክፍል ከሠሩት አንዱ ነበሩ። ኮሌጁ ገና ለጋ ነበር። ተማሪው ጥቂት፣ መሣሪያው ጥቂት፣ መጽሐፉም ጥቂት። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ለዓለም ሳይንስ አዲስ ነገር ማበርከት ይቻላል ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ከዚህ ላይ ጉዳዩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የማግኔት መርፌ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ጸንታ እንደማትቆም፣ በየቀኑም በጣም ትንሽ ወዲያና ወዲህ እንደምትል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1722 ነው፤ ይህን ያየው ለንደን ውስጥ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ግራሃም ነው። ለምን እንዲህ ትሆናለች ለሚለው ጥያቄ ደህና መልስ ለማግኘት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1882 ባልፎር ስቱዋርት የተባለ ሳይንቲስት መልሱ ከመሬት ውስጥ ሳይሆን ከላይኛው ከባቢ አየር መፈለግ አለበት አለ። እንደሱ ሐሳብ እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አየር አለ፤ ይህ አየር በምድር ማግኔት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ልክ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በጊዜው ይህ ግምት ብቻ ነበር፤ ወጥቶ ያየ ማንም የለም።

ግምቱን እውነት ያደረገው ሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ማርኮኒ የሬዲዮ ምልክት ከእንግሊዝ ተነስቶ አትላንቲክን ተሻግሮ እንዲሰማ አደረገ። እንግዲህ የሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ምድር ደግሞ ድቡልቡል ናት። ታዲያ ምልክቱ እንዴት ጎብጦ ደረሰ? በሚቀጥለው ዓመት ኬኔሊ አሜሪካ ሆኖ፣ ሄቪሳይድ እንግሊዝ ሆኖ፣ ከላይ እንደ መስተዋት የሚመልስ ሽፋን መኖር አለበት ሲሉ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ኤድዋርድ አፕልተንና ባልደረባው ባርኔት ሞገዱ ከላይ ተመትቶ መመለሱን በሙከራ አረጋገጡ፤ የሽፋኑንም ከፍታ ለካ። አፕልተን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1947 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይህ ሽፋን ዛሬ አዮኖስፌር ይባላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የአየሩን አቶሞች መትቶ ኤሌክትሮን ስለሚያስለቅቃቸው አየሩ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል ማለት ነው።

ሌላው ቁም ነገር የተገኘው ከወደ ደቡብ አሜሪካ ነው። በፔሩ ተራሮች ላይ ሁዋንካዮ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1922 የማግኔት ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ቦታው እንደ እኛው በማግኔት ወገብ አጠገብ ነው። እዚያ የተገኘው የዕለት ለውጥ በሌሎች ቦታዎች ከሚታየው ከእጥፍ በላይ ሆነ! ምክንያቱ በኋላ ሲጠና፣ የምድር ማግኔት በሚተኛበት ቦታ ላይ ቀን ቀን ጠባብና ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደሚፈስ ታወቀ። ሜዳ ላይ የተበተነ ጎርፍ ጠባብ ቦይ ሲያገኝ እንደሚበረታ ማለት ነው። ከፍታው 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ ከወገቡ ግራና ቀኝ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሲድኒ ቻፕማን ለዚህ ጅረት ኤሌክትሮጄት የሚል ስም አወጣለት። እንግዲህ ይህ ጅረት በየቀኑ በእንጦጦና በየካ ተራሮች አናት ላይ ያልፋል። አይታይም፣ አይሰማም፤ ግን አለ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የዓለም ሳይንቲስቶች አንድ ትልቅ ዘመቻ አሰቡ። ከሰኔ 24 ቀን 1949 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ ተሰየመ። ከ60 በላይ አገሮች ተካፈሉበት። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ስፑትኒክ የተላከችው በዚሁ ዘመቻ ውስጥ ነው። ምድርን እንደ አንድ አካል ለማጥናት በየቦታው በአንድ ጊዜ የሚመዘግቡ ጣቢያዎች አስፈለጉ። በማግኔት ወገብ አጠገብ ያለ ቦታ ደግሞ በጣም ይፈለግ ነበር፤ አዲስ አበባ በዚህ በኩል የታደለች ከተማ ናት። አባ ጉዌን በአራት ኪሎ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት በዚህ አጋጣሚ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1958 ጀምሮ የአዲስ አበባ የማግኔት መዝገብ ከዓለም መዝገቦች ጋር መቆጠር ጀመረ።

በዚያ ዘመን የማግኔት ምዝገባ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ክር ይንጠለጠላል፤ በላዩ ላይ ትንሽ መስተዋት ይለጠፋል። የመብራት ጨረር መስተዋቱን መትቶ ይመለስና በዝግታ በሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ያርፋል። ማግኔቱ ትንሽ ሲዞር የብርሃኑ ነጥብም ይሄዳል። ወረቀቱ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሲታጠብም የዕለቱ ታሪክ አንድ መስመር ሆኖ ይወጣል። ክፍሉ ጨለማ መሆን አለበት። በአጠገቡ ብረት አይፈቀድም፤ ምስማሩ እንኳ ከነሐስ ወይም ከመዳብ ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ ወረቀት መቀየር፣ ማጠብ፣ መለካት፣ መጻፍ ነው። በዓል የለ፣ ዕረፍት የለ። አንድ ቀን ከተዘለለ ያ ቀን ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ አሰልቺ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ታዲያ መስመሩ ምን ይመስላል? አዲስ አበባ ላይ የምድር ማግኔት አግድም ኃይል በጊዜው መለኪያ 36,000 ጋማ ገደማ ነው። ሌሊት መስመሩ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ፀሐይ ስትወጣ እሱም ይወጣል፤ ከቀኑ 5 እና 6 ሰዓት መካከል ጫፍ ይደርስና ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጭማሪው ከ50 እስከ 100 ጋማ ቢሆን ነው። ከጠቅላላው ከሦስት መቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የቀኝ እጅ ሕግን ያስታውሳል፦ ከራሳችን በላይ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጅረት ከሥሩ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ማግኔት ይፈጥራል፤ ይህም በምድር ማግኔት ላይ ይደመራል። መስመሩ ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉም ይህንኑ ይላል፤ ቀን ቀን ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል።

አባ ጉዌን በመዝገባቸው ላይ ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በአንዳንድ ቀናት፣ በተለይም ምንም የማግኔት ማዕበል በሌለባቸው ጸጥተኛ ቀናት፣ መስመሩ ወርዶ ሌሊት ከነበረበትም በታች ዘቀጠ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ! ይህ ማለት ከላይ ያለው ጅረት ደክሞ ቆመ ማለት ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ ዞሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ፈሰሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የማንኛውም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል ነው። ቦታው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጣቢያው ገና ጥቂት ዓመት የሆነው። ጅረቱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል ብለው የጻፉት በዓለም የታወቁ ሊቃውንት ናቸው። ያን ወረቀት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ጎን ማድረግ ምንኛ ቀላል ነበር።

እሳቸው ግን ወደ ጎን አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔቸር በተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ በአዲስ አበባ የማግኔቱ የዕለት ለውጥ የሚገለበጥበት ጊዜ መኖሩን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ እንደሳቸው ኢየሱሳዊ ከነበሩት ከፈረንሳዊው የማግኔት ሊቅ ከፒዬር ኖኤል ማዮ ጋር ሆነው ጉዳዩን ሰፋ አድርገው በፈረንሳይኛ አቀረቡት። ለዚህ ወደ ኋላ ለሚፈሰው ጅረት ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚለው ስም በሳይንስ ቋንቋ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በሕንድ፣ በፔሩ፣ በብራዚል፣ በናይጄሪያ ይህን የሚያጠና ሰው ሁሉ መነሻውን ሲጠቅስ አዲስ አበባን ይጠቅሳል።

ነገሩ የመሣሪያ ስሕተት አለመሆኑም ከሌላ አቅጣጫ ተረጋገጠ። በማግኔት ወገብ አካባቢ ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሬዲዮ ሞገድን የሚመልስ ልዩ ዓይነት ሽፋን በሬዲዮ መሣሪያ ይታያል። ጅረቱ ሲገለበጥ ይህ ሽፋን ድንገት ይጠፋል። የማግኔቱ መርፌና የሬዲዮው መሣሪያ እርስ በርስ ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ምስክርነት ሰጡ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እውቀቱ እየሰፋ ሄዷል። ጅረቱን የሚነዳው በላይኛው አየር ውስጥ እንደ ባሕር ማዕበል የሚመላለስ ነፋስ መሆኑ ታውቋል። በክረምት ወራት በሰሜን ዋልታ በኩል ከፍተኛው አየር ድንገት ሲሞቅ ጥቂት ቀን ሳይቆይ በእኛ ሰማይ ላይ ከሰዓት በኋላ ጅረቱ ወደ ኋላ ሊዞር እንደሚችልም ተደርሶበታል። ዋልታና ወገብ እንዲህ ይነጋገራሉ ብሎ ማን ጠበቀ!

በአገራችንም ሥራው አልተቋረጠም። ከአባ ጉዌን በኋላ ኦብዘርቫቶሪውን ለብዙ ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ላእከ ማርያም አስፋው ናቸው። በኋላ ዘመን አዲግራት ላይ ሌላ የማግኔት መለኪያ ተተክሎ ከአዲስ አበባው ጋር መነጻጸር ጀመረ። አዲስ አበባ ከጅረቱ ሥር ናት፤ አዲግራት ደግሞ ከጅረቱ ወጣ ያለ ቦታ ነው። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ሲቀነስ የሚተርፈው የጅረቱ ጉልበት ነው። በመቀነስ ብቻ ሰማይን መለካት ይቻላል ማለት ነው። ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፤ በስልካችን ቦታ የምናውቅበት የጂፒኤስ ምልክት በዚሁ አዮኖስፌር አልፎ ነው የሚመጣው፤ አዮኖስፌሩ ሲታወክ እሱም ይስታል።

የአባ ጉዌን ሥራ በሰማዩ ብቻ አልተወሰነም። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ላይ በሰሜን ሸዋና በወሎ መካከል በካራ ቆሬ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ የማጀቴ ከተማ ክፉኛ ስትጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ በአፋር ሰርዶ ስትፈርስ፣ ጉዳዩን አጥንተው ጽፈዋል። የቀድሞውንም ለማወቅ የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ማስታወሻ አንድ በአንድ ፈተሹ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚለው ትልቅ መጽሐፋቸው ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንዝረት እኛንም ኮተቤ ድረስ ባስደነገጠን ጊዜ ባለሙያዎች ካለፈው ጋር ለማነጻጸር የተመለሱት ወደዚህ ዓይነቱ መዝገብ ነው። አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በስተርጅና የኩቤክን የቀድሞ የመሬት መንቀጥቀጦች ከ1534 ጀምረው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 በፈረንሳይኛ አሳትመዋል። ከእሳቸው በፊት የተጻፈውን ሁሉ ሳይፈትሹ አይቀበሉም ነበር ማለት ከሥራቸው መረዳት አያዳግትም።

ውድ ሠልጣኞች፤ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሳሳኝን ነገር ልናገርና ላብቃ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አንድ ቀን የፔንዱለም ሙከራ ሠርተን ነበር። የኛ ቡድን ያገኘው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ጊዜው እያለቀ ነው። ምን እናድርግ ተባብለን መጽሐፉን ገለጥንና ቁጥሩን ከዚያ ገለበጥን። ከአሥር አሥር አገኘን። ሌላው ቡድን ያገኘውን እውነተኛ ቁጥር ጻፈና አራት ተሰጠው። በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ሳስበው ያፍረኛል፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት የተማርነው ሳይንስን አይደለም፣ ማስመሰልን ነው። ምናልባት ክራችን አጭር ተለክቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሰዓት አያያዛችን ጠማማ ነበር። ይህን ብንፈልገው ኖሮ አንድ ነገር ባወቅን ነበር።

በሚመጣው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ በየትምህርት ቤቱ እንሰማራለን። የምናገኘው ቤተ ሙከራ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ሊሆን ይችላል። ይሁን። መርፌና ክር ግን የትም ይገኛል። ልጆቹ መርፌዋን አሽተው ይስቀሉ፤ የምትተኛ መሆኗን በዓይናቸው ይዩ፤ ለምን እንደምትተኛም ይጠይቁ። ከመካከላቸው አንዱ የኔዋ አልተኛችም፣ ዘመመች ብሎ ቢመጣ ደግሞ ተሳስተሃል ብለን አንመልሰው። አብረነው እንይ። ምናልባት በአጠገቡ የብረት ዴስክ አለ፤ ምናልባት ክሩ ከመሐል ሸርተት ብሏል። የዘመመችበትን ምክንያት እስክናገኝ ድረስ ያየውን በደብተሩ ላይ እንዳየው ይጻፍ፤ ነጥብም ሲሰጥ ለዚያ ይሰጠው።